ዋንጫው የአምስቱ፤ ክፍሉስ የማን?

ሴፕቴምበር 7 ቀን 2023 ማታ ነው። እኛ ዘንድ ጳጉሜን 2 ነበር፤ ሰው ሁሉ የዶሮ ዋጋ ይጠያየቃል። ለንደን፣ ሃመርስሚዝ ባለው አፖሎ አዳራሽ ደግሞ የመርኩሪ ሽልማት አሸናፊ ሊነገር ነው። ይህ ሽልማት በየዓመቱ ከብሪታኒያና ከአየርላንድ አልበሞች ለአንዱ ብቻ ይሰጣል። ለመጨረሻው ዙር የደረሱት 12 አልበሞች ናቸው። አርክቲክ መንኪስ አሉበት። ሬይ አለችበት። ሎይል ካርነር፣ ጄ ሀስ፣ ፍሬድ አጌን አሉበት። ገንዘቡ 25,000 ፓውንድ ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ይህን ያህል የሚያጓጓ አይደለም። የሚፈለገው ስሙ ነው።

ፖስታው ተከፈተና «ዕዝራ ኮሌክቲቭ» ተባለ። አምስት ወጣቶች ናቸው። ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ትራምፔትና ቴነር ሳክስፎን። የሚጫወቱት ጃዝ ነው። ሽልማቱ ከ1992 ጀምሮ ሲሰጥ ጃዝ አንድም ጊዜ አሸንፎ አያውቅም ነበር። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።)

የባንዱ መሪ ድራመሩ ፌሚ ኮለኦሶ ነው። ማይኩን ሲይዝ ስለ አልበሙ ብዙም አላወራም። የተገናኘነው የወጣት ማዕከል ውስጥ ነው አለ። ይህ ድል የእኛ ብቻ አይደለም፤ በየሰፈሩ ልጆችን ሙዚቃ ለማስተማር ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ለሚያፈሱ ድርጅቶች ሁሉ ነው አለ። እንዲህ ያለ ንግግር ስንሰማ አብዛኞቻችን የተለመደ ምስጋና ነው ብለን እናልፈዋለን። እናቴን አመሰግናለሁ፣ ፈጣሪን አመሰግናለሁ እንደሚባለው። እኔም መጀመሪያ እንዲያው ነው ያለፍኩት። በኋላ አልበሙን ደጋግሜ ስሰማው ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውዬው ያወራው ስለ አልበሙ ነበር። እንዴት እንደተሠራ ነበር የነገረን።

መጀመሪያ ግን ስለ ጃዝና ስለዚህ ሽልማት ትንሽ ላውራ፤ አስቂኝ ታሪክ ስላለው።

የመርኩሪ ዳኞች ለጃዝ አንድ ወንበር የመተው ልማድ ነበራቸው። በ1996 ኮርትኒ ፓይን ታጨ። በ1999 ዴኒስ ባፕቲስት። በ2003 ሶዌቶ ኪንች። በ2018 ሰንስ ኦፍ ኬመት፣ በ2020 ሞሰስ ቦይድ፣ በ2021 ኑባያ ጋርሲያ፣ በ2022 ፈርገስ ማክሬዲ። ሌሎችም አሉ። ሁሉም ታጩ፤ ሁሉም በባዶ እጃቸው ተመለሱ። የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ራሳቸው በዚህ ይቀልዱ ነበር። ጃዝ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በሠርግ ላይ እንደሚጠራ የሩቅ ዘመድ ነበር። ይጠራል፣ ጥሩ ቦታ ይሰጠዋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ሙሽራ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ልጆቹ።

ፌሚና ቤዝ የሚጫወተው ቲጄ ወንድማማቾች ናቸው። ቤተሰባቸው ከናይጄሪያ የመጣ ነው፤ ያደጉት በሰሜን ለንደን፣ ኤንፊልድ ነው። ፌሚ ከበሮ መምታት የጀመረው ሕፃን ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ጆ አርሞን ጆንስ ከለንደን ውጭ፣ ከኦክስፎርድሺር ነው የመጣው። ሳክስፎኑ የጄምስ ሞሊሰን ነው። ትራምፔቱን በዚህ አልበም ላይ የሚነፋው ኢፌ ኦጉንጆቢ ነው። ባንዱ የተመሠረተው በ2012 ነው። ስለዚህ ያን ማታ «ድንገት ብቅ ያሉ» ተብለው የተወራላቸው ልጆች አሥር ዓመት አልፏቸው ነበር።

ስለ ስማቸው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ፌሚ ሲያስረዳ ስሙን የወሰዱት ከመጽሐፍ ቅዱሱ ዕዝራ ነው ይላል። ዕዝራ ከእሱ በፊት የነበረውን ተምሮ ለአዲሱ ትውልድ ያስተላለፈ ሰው ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ዕዝራ ሙዚቀኛ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትረካና ሥዕል ዳዊት በገናውን፣ ዕዝራ መሰንቆውን ይዞ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ይህን ያውቁ አይመስለኝም። ቢያውቁ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

አልበሙ የወጣው ኖቬምበር 4 ቀን 2022 ነው። አሳታሚው ፓርቲዛን ሬከርድስ ነው። ርዕሱ «ዌር አይም ሜንት ቱ ቢ» ነው፤ በእኛ አነጋገር «መሆን የሚገባኝ ቦታ» እንደማለት። 14 ሥራዎች አሉበት፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ረጅም ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቢያጥር ኖሮ የበለጠ ይጠነክር ነበር።

ሰምታችሁት ካላወቃችሁ «ቪክቶሪ ዳንስ» ከሚለው ጀምሩ። ምቱ የላቲን አሜሪካ ነው። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ዋናውን ዜማ አብረው ይዘው ይገባሉ። ከዚያ ሁሉም በየተራ ይለቀቃል። አንዱ ሶሎ ሲጫወት ሌሎቹ ዝም ብለው አይጠብቁም። ድራሙን ልብ ብላችሁ አዳምጡ። ሳክስፎኑ አንድ ሐረግ ሲጥል ፌሚ ያነሳዋል፣ ይመልስለታል፣ አንዳንዴ ይገፋዋል። ቤዙ መሬቱን ይዟል። ኪቦርዱ በመሃል ይገባና ቀለም ቀይሮ ይወጣል። ጥሩ ሽማግሌ በመሃል ገብቶ ጨዋታውን እንደሚያስተካክለው ማለት ነው። አነስተኛ የጃዝ ቡድን የሚባለው ነገር ውበቱ ይኸው ነው። ትልቅ ኦርኬስትራ ቢሆን ሁሉም የተጻፈለትን ኖታ ያነባል። አምስት ሰው ሲሆን ግን መነጋገር ግድ ነው። አንዱ ካልሰማ ሌላው ይሰናከላል።

«ላይፍ ጎዝ ኦን» እና «ኖ ኮንፊውዥን» ሁለቱም የናይጄሪያ አፍሮቢት ደም አለባቸው። በሁለተኛው ላይ የቶኒ አለን ድምፅ ይሰማል። ቶኒ አለን የፌላ ኩቲ ድራመር ነበር፤ አፍሮቢት የሚባለውን ምት ከፌላ ጋር የፈጠረው እሱ ነው። ለፌሚ ደግሞ መምህሩ ነው። አለን ኤፕሪል 30 ቀን 2020 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። አልበሙ ሲወጣ ሰውዬው የለም፤ ድምፁ ግን አለ። የእሱን ድራም የሰማ ሰው ፌሚን ሲሰማ ወዲያው ያውቀዋል። ሁለት እጅና ሁለት እግር አራቱም የየራሳቸውን ወሬ ያወራሉ፤ ግን አይደባለቁም።

«ኢጎ ኪላ» ላይ የጃማይካ ዳብ ትሰማላችሁ። «ላቭ ኢን አውተር ስፔስ» የአሜሪካዊው የሰን ራ ሥራ ነው፤ ናኦ ትዘፍንበታለች። ሳምፓ ዘ ግሬት፣ ኮጄይ ራዲካልና ኤሜሊ ሳንዴም በእንግድነት ገብተዋል። የፊልም ዳይሬክተሩ የስቲቭ ማክዊን ድምፅ እንኳን በመሃል ይሰማል። እንግዳው በዝቷል። የእኔ አስተያየት ነው፦ እንግዶቹ ሲገቡ ባንዱ ትንሽ ጎንበስ ይላል፤ አጃቢ ይሆናል። «ሲዬስታ» እንደ ስሙ እንቅልፍ ይጋብዛል። አምስቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው እሳት የሚሆኑት።

«ታዲያ ይሄ ጃዝ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። አፍሮቢት፣ ሳልሳ፣ ዳብ፣ ሂፕሆፕ፤ ጃዙ የታለ? ጥያቄው አይጠላም። ግን የለንደንን ጃዝ ታሪክ ለሚያውቅ ብዙም አያስቸግርም። ጃዝ የተወለደው አሜሪካ ነው። ለንደን ሲደርስ ግን ከጃማይካ፣ ከትሪኒዳድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከደቡብ አፍሪካ በመጡ ሰዎችና በልጆቻቸው እጅ ነው ብዙውን ያደገው። የጃማይካው ሳክስፎን ተጫዋች ጆ ሃሪየት ገና በ1960 አካባቢ ለንደን ውስጥ ከማንም ያልተዋሰ ነፃ ጃዝ ይጫወት ነበር። እነ ፌሚ ቤታቸው የሚሰማውን ነው ወደ ጃዝ ያመጡት። ይልቅ ጥያቄው ሌላ ነው። የኤንፊልድ ልጆችና የኦክስፎርድሺር ልጅ የት ተገናኝተው ነው እንዲህ መነጋገር የቻሉት?

መልሱ አንድ ሰውና አንዲት ሴት ጋ ይወስደናል።

ጋሪ ክሮዝቢ የኮንትራባስ ተጫዋች ናቸው። ወላጆቻቸው ከጃማይካ ናቸው፤ አጎታቸው ኧርነስት ራንግሊን የሚባለው ስመ ጥር የጃማይካ ጊታሪስት ነው። በ1980ዎቹ ክሮዝቢ ጃዝ ዋሪየርስ በሚባለው ትልቅ ባንድ ውስጥ ነበሩ። ያ ባንድ የጥቁር እንግሊዛውያን ጃዝ ተጫዋቾች ማኅበር ዓይነት ነበር። በ1991 ክሮዝቢና የሥራ አጋራቸው ጃኒን አይረንስ «ቱሞሮውስ ዋሪየርስ» የሚባል ነገር ጀመሩ፤ የነገ ተዋጊዎች ማለት ነው። አጀማመሩ ቀላል ነበር። ካምደን ባለው ጃዝ ካፌ ወጣቶች መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው ከትላልቆቹ ጋር የሚጫወቱበት የጃም ሴሽን መድረክ ነው። ቀስ በቀስ ትምህርት ቤት ሆነ። ዛሬ ቤቱ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለው ሳውዝባንክ ሴንተር ነው።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ነፃ ነው። ልጁ ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። አይከፍልም። ቅድሚያ የሚሰጠው ለጥቁር ወጣቶች፣ ለሴቶች ልጆችና ኪሳቸው ለማይፈቅድ ቤተሰቦች ነው። አሠራሩም ከመደበኛው የሙዚቃ ትምህርት ይለያል። መጀመሪያ ኖታ፣ ከዚያ ስኬል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ባንድ አይደለም። ልጁ ገና ሦስት ኖታ ሲያውቅ ባንድ ውስጥ ይገባል። በጆሮው ይለምዳል። ትንሽ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስተምራል። በእኛ የቆሎ ትምህርት ቤት እንደሚደረገው ማለት ነው፤ የኔታ ሁሉንም አያስቀጽሉም፣ የቀደመው ተማሪ ለተከታዩ ያቀብላል።

ከዚያ ክፍል የወጡትን ስም ላንሳ። የሰንስ ኦፍ ኬመት መሪ ሻባካ ሃቺንግስ። ኑባያ ጋርሲያ። ሞሰስ ቦይድ። ቱባ የሚነፋው ቲዮን ክሮስ። ካሲ ኪኖሺ። ሺላ ሞሪስ ግሬይ። ዛራ ማክፋርሌን። በመርኩሪ ከታጩት ስሞች ስንቱ እዚህ እንደተደገመ አያችሁ? ላለፉት አሥር ዓመታት «አዲሱ የለንደን ጃዝ» እየተባለ በየመጽሔቱ የተጻፈለት እንቅስቃሴ ሲገፈፍ ብዙው የሚያመራው ወደ አንድ በር ነው። ዕዝራ ኮሌክቲቭም የተገናኙት እዚያው ነው። በ2018 ክሮዝቢ ከቤተ መንግሥቱ የንግሥቲቱን የሙዚቃ ሜዳሊያ ሲቀበሉ ለጃዝ ሰው የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ጎበዝ ልጅ የትም ቢሆን ይወጣል» ሊለኝ ይችላል። ለአንዳንድ ሙዚቃ እውነት ነው። ዛሬ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ያለው ልጅ መኝታ ቤቱ ተቀምጦ ዓለም የሚሰማውን ዘፈን ሊሠራ ይችላል። ጃዝ ግን እንደዚያ አይሆንም። ጃዝ ለብቻ አይለመድም። ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም ጎረቤት ሳይጮህበት የሚጫወትበት ቦታ ያስፈልገዋል። ድራምን አስቡት። በለንደን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ድራም የሚመታ ልጅ ስንት ቀን ይቆያል? ትራምፔትስ? እንኳን ለንደን፣ እኛም ሰፈር በሁለተኛው ቀን የኮሚቴ ስብሰባ ይጠራበታል። ከዚያ መሣሪያው ራሱ አለ። ኮንትራባስ ልጅ በኪስ ገንዘቡ የሚገዛው ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለፖፕ ዘፋኝ የወጣት ማዕከል ጥሩ ነገር ነው፤ ለጃዝ ባንድ ግን እንደ ሜዳ ነው። ሜዳ ሳይኖር እግር ኳስ ተጫዋች አይወጣም። «ቪክቶሪ ዳንስ» ላይ የምንሰማው ያ ፈጣን መግባባት በስቱዲዮ የተፈጠረ አይደለም። ከ2012 በፊት ጀምሮ፣ ገና ጢም ሳያበቅሉ፣ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ውስጥ እየተሳሳቱ የተማማሩት ነው። አንዱ ሲንሸራተት ሌላው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

አሁን ወደ ጭንቁ ልግባ።

ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት በእንግሊዝ እንዲህ ዓይነቶቹ ክፍሎች እየተዘጉ ነው። ከ2010 በኋላ መንግሥት ወጪ ሲቀንስ የአካባቢ ምክር ቤቶች እጅ አጠረ። ምክር ቤቶች ቆሻሻ ማንሳትና አረጋውያንን መጦር በሕግ ግዴታቸው ነው፤ አይተዉትም። የወጣት ማዕከል ግን እንደዚያ የጠበቀ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ መቀሱ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ነው። ዋይኤምሲኤ (የእኛ ወወክማ ማለት ነው) ባወጣው ስሌት በእንግሊዝ ምክር ቤቶች ለወጣቶች አገልግሎት የሚያወጡት ገንዘብ ከ2010/11 እስከ 2022/23 ባለው ጊዜ የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ በ73 በመቶ ወርዷል። ዩኒሰን የተባለው የሠራተኞች ማኅበር ደግሞ ከ2010 እስከ 2023 ከ1,200 በላይ የምክር ቤት የወጣት ማዕከላት መዘጋታቸውን ቆጥሯል። በለንደን ብቻ ከ2010 እስከ 2019 ከማዕከላቱ 30 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል።

ከወጣት ማዕከል ቀጥሎ ያለው ደረጃም ተነክቷል። አነስተኛ የሙዚቃ ቤቶችን ማለቴ ነው፤ ልጁ ተምሮ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእንግዳ ሰው የሚጫወትባቸውን። በ2023፣ ያው ዋንጫው በተሰጠበት ዓመት፣ በብሪታኒያ 125 እንዲህ ዓይነት ቤቶች የቀጥታ ሙዚቃ ማቅረብ አቁመዋል። ምሥራቅ ለንደን ዳልስተን የነበረው ቶታል ሪፍሬሽመንት ሴንተር የዚህ ትውልድ ጃዝ የሚታይበት ቤት ነበር፤ በ2018 የማታ ዝግጅቶቹ በምክር ቤቱ ታገዱ።

ቱሞሮውስ ዋሪየርስ ራሱ የምክር ቤት ማዕከል አይደለም። በጎ አድራጎት ነው፤ የመንግሥትን የኪነ ጥበብ ድጎማ ከሚያከፋፍለው አርትስ ካውንስልና ከለጋሾች በሚገኝ ገንዘብ ነው የሚቆመው። አልተዘጋም፤ ልጆች ዛሬም ይመጣሉ። ግን ብቻውን የሁሉንም ሰፈር ሸክም አይችልም። ሳውዝባንክ ለመድረስ ደግሞ መጀመሪያ በሰፈርህ የሆነ ሰው «ይሄ ልጅ ጆሮ አለው፣ እስቲ ወደ እነሱ ውሰዱት» ማለት አለበት። ያ ሰው የሚገኘው የሰፈሩ ማዕከል ውስጥ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሂሳቡ ነው። እስቲ ዓመቱን እንቁጠር። ባንዱ በ2012 ተመሠረተ። ልጆቹ መሣሪያ የያዙት ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። ቅነሳው የጀመረው በ2010 ነው። ማለት ልጆቹ የበሉት ከመቀሱ በፊት የተዘራውን ነው። በ2023 ዋንጫ ሆኖ የወጣው የ2005 እና የ2008 ወጪ ነው። ሙዚቃ እንደ ቡና ተክል ነው፤ ዛሬ ተክለህ ዛሬ አትለቅምም። ስለዚህ ዛሬ «የእንግሊዝ ጃዝ እንዲህ አብቦ አያውቅም» የሚለው ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚነግረን ግን ስለ ድሮው ነው። የተዘጉት 1,200 ክፍሎች ውጤት ገና አልመጣም። ሲመጣም አይሰማም። ያልተመሠረተ ባንድ ድምፅ የለውም፤ ማንም ዜና አይሠራበትም። ችግሩን አደገኛ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ልጆቹ ራሳቸው ዝም አላሉም። ኖቬምበር 2024 ዕዝራ ኮሌክቲቭ 12,500 ሰው የሚይዘውን ዌምብሊ አሪና በራሳቸው ስም ሞሉ፤ ከብሪታኒያ የጃዝ ባንዶች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ማርች 2025 ደግሞ የብሪት ሽልማት ላይ ምርጥ ባንድ ተባሉ፤ ኮልድፕሌይንና ዘ ኪዩርን ቀድመው። ፌሚ እዚያም መድረክ ላይ ያችኑ ወሬ ቀጠለ። የብዙ ችግራችን መፍትሔ ለአንድ ልጅ ትራምፔት መስጠት ውስጥ ነው አለ። እጁ ትራምፔት ከያዘ ቢላ ለመያዝ ቦታ የለውም ለማለት ነው። ለንደን ውስጥ ወጣቶች በስለት መወጋጋታቸው የየሳምንቱ ዜና ስለሆነ ንግግሩ ጆሮ ገባ።

ጥናትም አለ። የእንግሊዝ የፊስካል ጥናት ተቋም በ2024 ባወጣው ሥራ፣ ለንደን ውስጥ በአቅራቢያቸው ያለው ማዕከል የተዘጋባቸው ልጆች የፈተና ውጤታቸው ወርዷል፤ በወንጀል የመግባት ዕድላቸውም 14 በመቶ ጨምሯል። ስለዚህ ፌሚ ዝም ብሎ ስሜት አላወራም።

ግን እዚህ ጋ ትንሽ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የድሃ ሰፈር ልጅ ትራምፔት ሲሰጠው ሁልጊዜ «ቢላ እንዳይዝ» ይባላል። የሀብታም ልጅ ፒያኖ ሲማር ግን ማንም «ሌባ እንዳይሆን» አይልም። ፒያኖ ስለሆነ ይማራል፤ አለቀ። ፌሚ ለምን እንደዚያ እንደሚናገር ይገባኛል። በጀት የሚይዙ ሰዎች የሚሰሙት ቋንቋ እሱ ነው። ኤንፊልድ ውስጥ ግን ቢላ ይዞ የማያውቅ፣ ወደፊትም የማይዝ፣ ዝም ብሎ ሳክስፎን የሚወድ ልጅ ሞልቷል። ለዚያም ልጅ የሚሆን መከራከሪያ ያስፈልገን ነበር።

ለእኛ አንባቢ የሚቀርብ አንድ ክር አለ፤ ሳልነካው ብቀር ይቆጨኛል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ኢንጂነሪንግ ሊማር ወደ ዌልስ ተልኮ ነበር። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ይባል ነበር፤ እዚያ ሙዚቃ ያዛቸው፤ ኢንጂነሪንጉ ቀረ። ወደ ለንደን ወርደው ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገቡ፤ ከዚያ ቦስተን፣ በርክሊ። ትሪኒቲ በ2005 ላባን ከሚባል የዳንስ ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ ትሪኒቲ ላባን ሆነ። የዕዝራ ኮሌክቲቩ ጆ አርሞን ጆንስ የተማረው እዚያ ነው። ኑባያ ጋርሲያና ሞሰስ ቦይድም እዚያ ናቸው። በሃምሳ ዓመት ልዩነት ማለት ነው።

ክሩ እዚያ አላበቃም። ጋሽ ሙላቱ በ2009 ከለንደኑ ዘ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር አልበም አወጡ። በኋላም ከእሳቸው ጋር የሚጫወተው ባንድ በአብዛኛው የለንደን ጃዝ ሰዎች ስብስብ ሆነ። ድራመሩ ቶም ስኪነር የሰንስ ኦፍ ኬመትም ድራመር ነበር። ስለዚህ የለንደን ልጆች ጃዝ ውስጥ ትዝታና አንቺ ሆዬ የሚመስል ነገር ሽው ሲልባችሁ ጆሯችሁን አትጠራጠሩ። ያ ድምፅ ከተማው ውስጥ አለ።

ልዩነቱን ግን አስተውሉ። ጋሽ ሙላቱን ያደረሳቸው ውጭ አገር ልኮ የሚያስተምር ቤተሰብ ነው። ጆም ከኮሌጁ በር ደርሷል። ለፌሚና ለቲጄ ግን መጀመሪያ የተከፈተው በር ነፃው በር ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሁለት በር እንደ አንድ ይቆጥረዋል። ኮሌጁ ያለቀለትን ልጅ ነው የሚቀበለው፤ ፈተና አለው፣ ክፍያ አለው። ፈተናውን ለማለፍ የሚያበቃህን አሥር ዓመት ማን ይከፍልልሃል? ቀበሌ ኪነት ውስጥ ያለፈ የእኛ አገር ሙዚቀኛ ይህን ጥያቄ ሳይነግሩት ይረዳዋል።

የባንዱን ታሪክ ሳነብ አንዲት ትንሽ ነገር ቀልቤን ስባዋለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ በ2019ኙ አልበማቸው ላይ ጭምር፣ ትራምፔቱን የሚነፋው ዲለን ጆንስ ነበር። እሱ ሲወጣ ኢፌ ኦጉንጆቢ ገባ። ጃዝ ባንድ ውስጥ ከአምስት አንዱ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ባንዱ ይፈርሳል፤ ወይም ዓመት ሙሉ ይንገዳገዳል። እነሱ አልተንገዳገዱም። «ቪክቶሪ ዳንስ» ላይ ያለው ትራምፔት ከሳክስፎኑ ጋር አብሮ ያደገ ነው የሚመስለው። ኢፌም የመጣው ከዚያው ከቱሞሮውስ ዋሪየርስ ነው። በዕድሜ ያንሳቸዋል፤ ቋንቋቸውን ግን ቀድሞ ያውቃል። ሰው ሲጎድልባቸው ሩቅ አልሄዱም፤ ወደ ክፍሉ ተመልሰው አንድ ልጅ ጠሩ። ልጁም እዚያ ነበር።